መስመር 412

ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ፣ በጸጉር ቤትና በወፍጮ ቤት መካከል ናት። ወፍጮው ሲዞር መደማመጥ የለም፤ ስለዚህ ቁም ነገር የምናወራው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። የዚያን ቀን ግን ምነው እስከ ሌሊት በዞረ ኖሮ!

አጀንዳው አንድ ነበር፦ የታክሲ ጌማችን ሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ለሁሉም ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ? ጥያቄውን ያነሱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። የአቃቂን ካርታ የሠሩት የአቃቂ ልጆች ናቸው። "ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ ሁለት ሰው!" የሚለውን የረዳት ድምፅ በስልካቸው ቀድተው የላኩልን የገላን ልጆች ናቸው። "ካርታው የኛ፣ ድምፁ የኛ፣ ኮዱ ብቻ ምን ሆኖ ነው የናንተ?" አሉን።

እኔ ተቃዋሚ ነበርኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ አምስት ሰው ለተሰበሰበበት ማን ይቆማል? እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ኩዌክ የተባለው የተኩስ ጌም ኮድ ሲለቀቅ ሰዉ ፕሮግራሙን እየነካካ ማጭበርበር እንደጀመረና የጨዋታው ጣዕም እንደተበላሸ ተረኩላቸው። እጄን ሁሉ አወናጨፍኩ።

ትንሿ ልጃችን (ተለማማጅ ሆና መጥታ አሁን ሁላችንንም የምታርም) ቡናዋን አስቀመጠች።

"ኩዌክ የተጭበረበረው ሰርቨሩ ለተጫዋቹ ማሽን ከሚገባው በላይ ስለሚነግረውና ስለሚያምነው ነው። የኛስ? ባለፈው ሳምንት 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ በአንድ ጉዞ የ400 ሰው ሒሳብ የሰበሰበው ልጅ ኮዱን ከየት አገኘው?"

እውነቷን ነው። ልጁ ኤፒኬያችንን (ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) በትኖ፣ "ስንት ሰው ጫንክ?" የሚለው መልስ ከስልኩ እንደሚላክ አይቶ፣ የፈለገውን ቁጥር ላከ። ሰርቨራችንም አመነው። ትራፊክ እንኳ ቢያየው ለትርፍ ጭነት የሚጽፈው ቅጣት አያገኝለትም። ይህ ሁሉ የሆነው ኮዱ ዝግ ሆኖ ነው።

ዱም የተባለውን ሌላ የቆየ ጌም ጨመረችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮዱ ሲለቀቅ ሥዕሎቹና ደረጃዎቹ አብረው አልተሰጡም፤ ኮድ ሌላ፣ ሥዕል ሌላ። በ1999 ደግሞ ጂፒኤል በተባለው የነጻ ኮድ ፈቃድ ተለቀቀ፤ እስከ ዛሬ ሰው እዚህም እዚያም ማሽን ላይ ያስነሳዋል። ፈቃዱም ላይ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ጂፒኤል የሚይዘው ፕሮግራሙን ለሌላ የሚያከፋፍለውን ነው፤ ኮዳችንን ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ በራሱ ሰርቨር ብቻ የሚያሠራውን አይነካውም። ለኛ ዓይነቱ ጌም ይህንንም የሚይዘው ኤጂፒኤል ይሻላል አለች። ማንም አልተከራከራትም።

"የኮዱ ታሪክም አብሮ ይውጣ" አለች በመጨረሻ። "አዲስ ሰው ኮዳችንን የሚማረው ከኮሚቶቹ ነው።" ኮሚት የእያንዳንዱ ለውጥ መዝገብ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ።

እኔ ላብ ላብ ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

እውነቱን ልናገር። ኩዌክም፣ ማጭበርበሩም ሰበብ ነበሩ። ጳጉሜ 5 ቀን 2015 ሌሊት፣ ሰዓቱ ስድስትን እንዳለፈ፣ ሰርቨራችን "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ ለሁሉም የአዲስ ዓመት ስጦታ አደለና የዓመቱን ነጥብ ዜሮ አደረገ። የሻምፒዮናው ፍጻሜ የተቀጠረው ለማግስቱ ማታ ነበር። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 አለ። ኮዱ ግን ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ናት ብሎ ያምናል። ሰፈሩ ችቦ ሲያበራ እኔ ባክአፕ ስመልስ አመሸሁ። ቤት ውስጥ የዶሮው ሽታ፣ ስልኬ ላይ የተጫዋቾች ስድብ። ብሌም ብዬ (መስመሩን መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ የሚናገር ትእዛዝ ነው) ብጠይቅ መስመሩ ላይ ያለው ስም የባለ ሰርቨሩ ጓደኛችን ነው። አረምኩትና ከላዩ ኮመንት (ማሽኑ የሚዘለው ማስታወሻ) ጻፍኩ፦

"ይህን የጻፈው ሰውዬ ጳጉሜ 6 የሚባል ቀን ሳይሰማ ነው ያደገው። ዘመነ ሉቃስን ቄስ ይጠይቅ።"

ይህ ነው መስመር 412። ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት ሹልክ ብዬ አጥፍቼዋለሁ፤ ግን ለውጡን ሁሉ የሚመዘግበው ጊት ምን ይረሳል?

ስለዚህ በሌላ በር መጣሁ። የአንድሮይድ መፈረሚያ ቁልፋችንና የዳታቤዙ የይለፍ ቃል አሮጌ ኮሚቶች ውስጥ እንዳሉ አነሳሁ። ይሄ እንኳ ሐሰት አልነበረም። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ በሌላ ቁልፍ የተፈረመ ማሻሻያ ግን ሰው ስልክ ላይ ካለው ጌም ላይ አልጫንም ይላል። "ኮዱ ይለቀቅ፤ ታሪኩ ቀርቶ በአንድ ኮሚት" አልኩ። ትንሿ ልጅ ቁልፉን ብቻ ከታሪኩ የሚነቅል መሣሪያ አለ ብላ ተከራከረች። እሷም ልክ ናት። ሁለት ለሁለት ሆንን። ባለ ሰርቨሩ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና "ታሪኩ ይቅር" አለ።

አብረን ወደ ታክሲ ሰልፍ ወጣን።

"መስመር 412 ነው አይደል?" አለኝ፣ ዓይኑን ከሰልፉ ሳይነቅል።

"የቃሊቲ መስመር እኮ ቁጥር የለውም" አልኩት። እንደዚያ አልኩት፤ በራሴ አፍ።

"ማክሰኞ ሌሊት 'ጽዳት' ብለህ ያጠፋኸውን ነው የምልህ።"

ዝም አልኩ። ታክሲ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። እኛ ሦስት እርምጃ ተጠጋን።

"መቼ አየኸው?"

"ያኔውኑ፤ መስከረም 1። እንኳን አደረሰህ ብዬ ደውዬልህ አልነበር?"

ደውሎልኝ ነበር። ዶሮ በላህ ወይ ብሎም ጠይቆኛል።

"ይቅርታ ወንድሜ" አልኩት፣ ከአንገቴ ሳይሆን ከልቤ። "ተናድጄ ነው እንጂ አንተን..."

"እኔን አይደለማ። ቤት ስትገባ ብሌምን ትንሿን ደብልዩ ጨምረህ ጠይቀው።"

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብሌምን ከማረሜ በፊት ባለው ኮሚት ላይ ከነደብልዩው አስኬድኩት። እሱ ለካ ፋይሉ ውስጥ ታቡን ሁሉ ወደ ስፔስ ሲቀይር እያንዳንዱ መስመር በስሙ ዞሮ ነበር። ደብልዩዋ የባዶ ቦታ ለውጥን ትዘላለች። ሲዘለል የመጣው ስም የኔ ነው፤ ሚያዝያ 2013። ጳጉሜ 6ን ሳይሰማ ያደገው ሰውዬ እኔ ነኝ።

የሚከነክነኝ መሳሳቴ አይደለም። ሁለት ጳጉሜ አልፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ "ቀን መቁጠሪያው ደህና ነው?" ብዬ እሱን ጠይቄዋለሁ፣ ትከሻውን ቸብ እያደረግኩ። እሱም "ደህና ነው፣ አንተ አርመኸዋላ" ብሎኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ካርታ ቢጫወት ይዘርፋል።

ኮዱ በሁለተኛው ሳምንት ተለቀቀ፤ ሥዕሎቹ በእጃችን ቀሩ፣ ሒሳቡም ሰርቨሩ ላይ እንዲቆጠር ተደረገ። የመጀመሪያዋን ብቸኛ ኮሚት ያስገባው ባለ ሰርቨሩ ነው። አደራ ብዬዋለሁ፣ እሺም ብሎኛል። ከፍቼ ሳይ መስመር 412 ከነነጥቡ ቦታው ተመልሷል። ከሥሩ፣ 413 ላይ፣ አዲስ ኮመንት አለ፦

"እኔ አይደለሁም።"

ላጥፋው ብል ማጥፋቴ በስሜ፣ ከነቀኑ፣ ኮዱን ለከፈተ ሁሉ ይታያል። እስካሁን አልነካሁትም።