ከገርጂ ወደ ሰሚት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መቀየር ላይ የሚያስፈራው ኪራዩ ብቻ አይደለም። የደላላ አለ፣ የመኪና አለ፣ የጫኝና አውራጅ አለ። ዛሬ ግን ገባን፣ ተመስገን!

ባለቤቴ ሰሞኑን ዕቃ ስትቀንስ ነበር። አሮጌ ልብሱ ለልዋጭ ሄደ፣ በምትኩ ሳፋ መጣ። የተቃጠለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ቁራሌው ወሰደው። ካርቶን ከሰፈር ሱቅ በነፃ፤ ሰሃንና ብርጭቆው በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቀለለ። በመጨረሻ አይሱዙው ቀረና ዳማስ ተመላልሶ ጨረሰው።

ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ብሎን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይላል። አከራያችንን በቀጥታ አነጋገርናቸው። ደግ ሴት ናቸው፣ "ሕጉ ካለ እኔ ምን አግብቶኝ" አሉና ተስማሙ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ቀላል አይሆንም፣ አውቃለሁ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። የሰፈሩ ጫኞች የጠሩት ዋጋ ከመኪናው በለጠ። (የመኪናው ቢያንስ ነዳጅ አለው!) ከብዙ ክርክር በኋላ ቁምሳጥኑንና ፍሪጁን ብቻ እነሱ አወጡ፤ የቀረውን ከወንድሜ ጋር ተሸከምነው። ወገቤን አትጠይቁኝ።

ገና ሳንቀመጥ የታችኛው ፎቅ እማማ ቡና ይዘው ከች አሉ። "ውሃ በፈረቃ ነው ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ይመጣል፣ ያላችሁን ጀሪካን ሁሉ ሙሉ" ብለው ትርፍ በርሜል አዋሱን።

መጋረጃ ገና ነው፣ ለጊዜው አንሶላ ሰቅለናል። ሰሚት አካባቢ በርካሽ የሚሰፋ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጠቁሙኝ።