ማሽኑ ቂመኛ ነው

ዛሬ ዓርብ ነው። ወተት የለም። ወተት ከሌለ ደግሞ መደበቂያ የለም።

በፍስክ ቀን ማኪያቶ ነው የምሠራው። እስፕሬሶው ቢኮመጥጥም ቢመርም ወተቱ ይሸፍነዋል፤ ስኳር ጣል ካደረጉበት ደግሞ ማንም አያውቅበትም። ረቡዕና ዓርብ ግን ከጥቁሩ ጋር እፋጠጣለሁ። ሙያዬ የሚለየው በጾም ቀን ነው።

የእስፕሬሶ ማሽኑን ያመጣችልኝ ሚላን ያለችው እህቴ ናት። ሻንጣዋ ውስጥ በፎጣና በሹራብ ጠቅልላ ይዛው መጣች። ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው እማዬ ዙሪያውን ዞራ አየችና፣ «ይሄ ሁሉ ብረት ለአንድ ሲኒ?» አለች።

እኔ ማሽኑ ከተገኘ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። መፍጫ ትዝም አላለኝ። ቤት ያለችውን የቅመም መፍጫ አነሳሁ። ምንም ያህል ብትወለወል ኮረሪማ ኮረሪማ ትሸታለች። እሱስ ይሁን፤ ዋናው ችግር ምላጯ ቡናውን አለመፍጨቷ ነው። ትከታትፈዋለች። ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑን ስለቀው ሲኒው በ8 ሰከንድ ሞልቶ ፈሰሰ። መልኩ ሻይ ነው።

በማግስቱ ወደ ሙቀጫ ዞርኩ። እማዬ እየሳቀች ወቀጠችልኝ፣ እኔ በወንፊት ነፋሁት። የላመውን ብቻ መርጬ ጠቀጠቅኩት። ማሽኑ አቃሰተ፣ አቃሰተና አንዲት ጥቁር ጠብታ ጣለ። ደቂቃ ሊሞላው ሲል አጠፋሁት። እማዬ ጠብታዋን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና «ይሄ ለሆድ ቁርጠት ይሆናል» ብላኝ ሄደች።

ያኔ ነው የገባኝ። ጀበና ይቅር ባይ ናት። ቡናው ሻከር ቢል፣ ልሞ ቢወጣ፣ ትንሽ ቢበዛ ቢያንስ፣ እሳቱ ላይ ይንተከተካል፣ ይወርዳል፣ ይሰክናል፣ አተላው ሥር ይቀራል። ማሽኑ ግን ቂመኛ ነው። ውሃውን በ9 ባር ግፊት፣ ማለትም ባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ዘጠኝ እጥፍ በሚያህል ጉልበት፣ በተጠቀጠቀው ቡና ውስጥ ይሰደዋል። እኔ የምይዘው ልክ 18 ግራም ቡና አስገብቶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ገደማ መቅዳት ነው። ውሃውን እዚያ ጋ የሚያዘገየው የቡናው ልመት ነው። ሻካራ ከሆነ ይሮጣል፤ ከላመ ይታነቃል። ሻካራና ልም ከተቀላቀለ ደግሞ ኮምጣጣውንም መራራውንም በአንድ ሲኒ አድርጎ ይሰጥሃል። ጠዋት የሠራኸውን ጥፋት ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጥና ምላስህ ላይ ያነብልሃል።

ደሞዝ ሲደርስ የእጅ መፍጫ ገዛሁ። ውስጡ ሁለት ጥርሳም ብረቶች አሉ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይዞራል። ፍሬው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ልክ እስኪደቅ ድረስ አያልፍም። ያው ወፍጮና መጅ ነው፤ ክብ ሆኖ ብረት ለበሰ እንጂ። ክፍተቱ በቁጥር ይጠብባል፣ ይሰፋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቡናው ይልማል፣ ክንድም ይዝላል። ነጣ ብሎ የተቆላ የይርጋ ጨፌ ፍሬ ደግሞ ትንሽ ነው ብለህ እንዳትንቀው፤ ጠጠር ነው።

ደብተር ያዝኩ። ዛሬ ገልጬ ሳየው ሳቄ መጣ። «14 ቁጥር፣ 17 ሰከንድ፣ ሎሚ።» «12 ቁጥር፣ 23 ሰከንድ፣ ደህና።» «11 ቁጥር፣ 28 ሰከንድ፣ እሰይ!» ከዚያ በማግስቱ፦ «11 ቁጥር፣ 19 ሰከንድ። ምን ሆነህ ነው?»

የሆነውን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቡናው ማጣሪያው ውስጥ ሲገባ አንድ ጎን ይከመራል፣ እዚህም እዚያም ይጓጉላል። ውሃ ደግሞ ሰነፍ ነው። ሳሳ ያለ ቦታ ካገኘ ጎርፍ ማሳ ላይ ቦይ እንደሚያወጣው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ይነጉዳል። የቀረው ቡና በቅጡ ሳይነካ ይቀራል። መድኃኒቱ መርፌ ነው። የእማዬን የልብስ መርፌዎች ቡሽ ላይ ሰካሁና ከመጠቅጠቄ በፊት ቡናውን ከሥር ጀምሬ ማማሰል ያዝኩ። ሰከንዱ ተስተካከለ። እማዬ ግን መርፌዎቿን ስትፈልግ ቡና አፍንጫቸው ላይ ደርቆ አገኘቻቸው፤ የዚያን ቀን የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ትልቁ ጠባችን ግን በመርፌ አይደለም። ቤታችን ቡና የሚቆላው ሊጠጣ ሲል ነው። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጭሱ ለሰው ተዳርሶ፣ ተወቅጦ፣ ወዲያው ጀበና። እኔም ከምጣዱ ላይ ትኩሱን ወስጄ ፈጨሁት። ሲኒው በአረፋ ተሞላ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። ፎቶው ሳይደርሳት አረፋው ሟሽሾ ሲኒው ጎደለ። ጣዕሙ ምላስ ይቆነጥጣል። ለካ ቡና ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ጋዙ ቀስ እያለ በቀናት ነው የሚወጣው። ጀበና ውስጥ ከሆነ ፈልቶ ይሄዳል፤ ማንም ልብ አይለውም። ማሽኑ ውስጥ ግን ጋዙ ውሃውን እየገፋ ያስቸግረዋል። ስለዚህ ተቆልቶ ሳምንት፣ ነጣ ያለው ደግሞ አሥር ቀን ቢያርፍ ይሻላል። ይህንን ለእማዬ ነገርኳት።

«ተቆልቶ ሳምንት ያደረ ቡና? እንግዳ ሲመጣ እንዳትናገር።»

አሁን ሁለት ቆርቆሮ አለን። የእሷ ባዶ ነው፤ የቆላችው እዚያው ያልቃል። የእኔ ላይ ቀን ተጽፎበታል፣ ልክ እንደ መድኃኒት።

ክሬማ የሚሉትን ወፍራሙን አረፋ መጀመሪያ ቀን ስታይም «ሲኒው ሳሙናው አልለቀቀም እንዴ?» ነው ያለችው። ለነገሩ እንግዳ የሆነው ለእሷ ብቻ አይደለም። የድሮዎቹ ማሽኖች ውሃውን የሚገፉት በእንፋሎት ስለነበር ጉልበታቸው አነስተኛ ነው፤ እንዲህ ያለ አረፋ አያወጡም። አኪሌ ጋጂያ የሚባል የሚላን ሰው በ1938 እ.ኤ.አ. አዲስ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማንሻና በስፕሪንግ የሚሠራ ማሽን ይዞ መጣ፤ አረፋውም አብሮ መጣ። እሱም ነጋዴ ነውና አረፋውን የቡና ክሬም ብሎ ሸጠው። እማዬ ብትሆን አጥባ ትደፋው ነበር።

አንድ ያስገረመኝን ልጨምር። ለእስፕሬሶ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይመከራል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማሽኑን ያለ ቡና ስለቀው ውሃው እንደወጣ የሚንጨረጨረው ለዚህ ነው፤ ከማሽኑ ሲወጣ ለከተማችን ከልክ በላይ ሙቅ ነው። በሌላ በኩል እማዬ ቴርሞሜትር ሳታውቅ፣ ጀበናዋን ባፈላች ቁጥር፣ እኔ ሦስት ወር የለፋሁበት ሙቀት ላይ ነበረች። ይህንንም ነገርኳት። «እና?» አለች።

ዛሬ እንግዲህ ዓርብ አይደል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ገባሁ። ማሽኑን ለኮስኩና ሃያ ደቂቃ እንዲሞቅ ተውኩት። ቡናው ስምንት ቀን ሆኖታል። 11 ቁጥር። 18 ግራም፣ ከነጥቡ። በመርፌው አማሰልኩ። ልጠቀጥቀው ስል መብራት ጠፋ።

መስኮት ከፍቼ የጎረቤቱን አየሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል። እማዬ ከሰል አያይዛ ነበር።

«የፈጨኸውን አምጣ» አለች።

«ይሄ እኮ ለጀበና አይሆንም፣ በጣም ልም ነው።»

«አምጣ ብያለሁ።»

ትንሿን ጀበና አመጣች። 18 ግራሟ ብትበዛ ለሁለት ሲኒ ናት። ፈላ፣ አወጣችው፣ ዘንበል አድርጋ ማቶት ላይ አስቀመጠችው። ቆየን። ትንሽ ቀዳ አድርጋ አየችው፤ ድፍርስ ነው። መለሰችው። «በጣም አድቅቀኸዋል» አለችኝ። ይቅር ባይ ያልኳት ጀበናም ለካ ድንበር አላት። እንደገና ቆየን። ከሰሉ ብቻ ነው የሚያበራው።

እጄ መቼ ስልኬን እንዳወጣ አላውቅም። ሰዓት መቁጠሪያው ሲበራ ፊቴ ላይ አንጸባረቀ። እማዬ አየችኝ።

«ስንት ሰከንድ ቀረው?» አለች።