ቀጠሮ በዴስክቶፑ ላይ

ደብረ ብርሃን ላይ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው ደንበኛው ሁለት ዓይነት ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዛሬ ባይደርስለት ነገ ይመለሳል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአንኮበር የመጣው ባለጉዳይ ግን ማመልከቻው ዘግይቶ መኪናው ካመለጠው አልጋ ሊከራይ ነው፤ የቤቱም ሥራ ይፈታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

ስለዚህ የቀጠሮውን ዝርዝር ዴስክቶፑ ላይ አወጣሁት። ደብተርማ አለን፤ ግን ወረቀት ሥር ይገባል፤ እኔና ባልደረባዬ ስንቀያየርም አንዳችን የጻፍነውን ሌላችን ሳናየው እንውላለን። ዴስክቶፑን ግን ማሽኑን የከፈተ ሁሉ ያየዋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም ቀድሞ ብቅ የሚለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቢጂኢንፎን ነበር። የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ ዋልፔፐሩ (የዴስክቶፑ የጀርባ ሥዕል) ላይ ይስልና ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። ለኮምፒውተሩ ስምና ለአይፒ አድራሻው ግሩም ነው። ቀጠሮ ግን በየሰዓቱ ይለወጣል፤ ፕሮግራሙ እንደገና ካልተነሣ ከሰዓትም የሚታየው የጠዋቱ ዝርዝር ነው። ዴስክቶፕ ላይ ጽሑፍ የሚያሳየው ሬይንሜተር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይሻላል። ዋልፔፐሩን አይነካም፤ ከላዩ ላይ፣ ከተከፈቱት መስኮቶች ሥር ይቀመጥና ፋይሉን እየተመላለሰ ያነባል። ካልነኩት በየ10 ደቂቃው ነው፤ እኔ ወደ 1 ደቂቃ አወረድኩት። ዝርዝሩ የሚጻፍበት ፋይል ኖትፓድ ላይ ሴቭ ሲደረግ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል አቀማመጥ (ኢንኮዲንግ) መመረጥ አለበት፤ አንሲ በሚባለው ከተቀመጠ ግዕዙ ፊደል በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ፎንቱን ኢብሪማ አደረግኩት፤ ኒያላ የሚባለው ፎንት ቀጠን ስለሚል ከአግዳሚው ወንበር አይነበብም። አይከኖቹ በግራ ስለተደረደሩ ጽሑፉን ወደ ቀኝ ወሰድኩት።

ዛሬ አንዲት እናት ከመንዝ መጥተው፣ «ልጄ፣ መኪናዬ በስምንት ሰዓት ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ከሰባት በፊት እጅዎ ይገባል» አልኩና እያዩኝ ጻፍኩት፦ «ማመልከቻ፣ 2 ገጽ፣ የመንዝ መኪና፣ ከ7 በፊት»።

«የቱ ነው የኔ?» አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ከመስመሩ አልተነቀለም። አትሜ ስሰጣቸውና ከፋይሉ ሳጠፋው ትንሽ ቆይቶ ከስክሪኑም ጠፋ። «አለቀ ማለት ነዋ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ፤ የሰው ስምና የጉዳዩ ፍሬ ነገር እዚያ አይጻፍም። እኛ ቤት የሚጻፈው የፍቺ አቤቱታ ነው፣ የርስት ክርክር ነው፤ አግዳሚው ላይ ደግሞ ጎረቤቱም ባላጋራውም ሊቀመጥ ይችላል። የገጹ ብዛት፣ የመኪናው አቅጣጫና ሰዓቱ ይበቃሉ። ባልደረባዬ የደንበኛው ስልክም ይግባ ብላኝ ነበር፤ እሱ በደብተሩ ይቆይ አልኳት፤ ተስማማን።

አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን እየመጣ ነው። ተማሪው ሲበዛ ዝርዝሩ ረዝሞ የገጠሩን ሰው ወደ ታች እንዳይገፋው ለተማሪው ሌላ ፋይል ከፍቼ በሥሩ፣ ፊደሉን አነስ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። መኪና የሚጠብቀው ከላይ ይሁን፤ ነገ በጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ እሠራዋለሁ።