ሚዛኑ የማይነግረኝ

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚባለው የሴቶችን ሆርሞን የሚያዛባ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ከዘመድም ከጎረቤትም የምሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ክብደት ቀንሺ፣ ይተውሻል»። ክብደት መቀነስ ለብዙዎቻችን እንደሚረዳ አልክድም፤ ሆኖም ቀጫጭን ሴቶችም በዚሁ ሕመም ስለሚያዙ፣ ነገሩን በሚዛን ብቻ መለካት አያሳምነኝም።

ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ ጡንቻና ጉበቴ የደም ስኳርን ዝቅ ለሚያደርገው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በሚገባ ስለማይታዘዙ፣ ቆሽቴ የደም ስኳሬን ልክ ለማቆየት ሲል ትርፍ ኢንሱሊን ያመነጫል። ኦቫሪዎቼ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻዎቼ፣ ግን ኢንሱሊንን መስማት አላቆሙም፤ ትርፉ ሲደርሳቸው በወንዶች የሚበዛውን ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንን፣ ያበዛሉ፣ ጉበትም ቴስቶስትሮንን ይዞ የሚያቆየውን ፕሮቲን ይቀንሳል። አገጬ ላይ የሚወጣው ጸጉር፣ ወራት የሚዘለው የወር አበባዬ፣ እናቴ እድፍ መስሏት በሳሙና ልታስለቅቀው የታገለችው የአንገቴ ጥቁረት፣ ሁሉም ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ ጤናማ ነበር። ጉድለቱን ያሳየው 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቼ ከ2 ሰዓት በኋላ የተወሰደው ደም ነው፤ በዚያ ምርመራ በዴሲሊትር ከ140 እስከ 199 ሚሊግራም የሚደርስ ውጤት ገና ስኳር በሽታ ባይባልም፣ ወደዚያው የሚወስደው መንገድ ላይ መሆንን ያመለክታል።

ብዙ ያሳሰበኝ የጾሙ ወራት ነው። የጾም ምግባችን በራሱ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ምስር፣ ሽሮና ጎመን ለእንደኔ ዓይነቷ ሴት የሚመከሩ ናቸው። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ እንጀራ በእንጀራ ላይ መደረቡ፣ ከዚያም በላዩ ዳቦና ስኳር የበዛበት ቡና መከተሉ ነው። ስለዚህ አሁን ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሜ እንጀራውን አስከትላለሁ፣ መጠኑንም ቀንሻለሁ፤ ቡናዬንም ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ እናቴ ይህን እንደ ቅጣት ብታየውም። ከምግብ በኋላ ሰፈሩን ዞር ዞር እላለሁ፤ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ብዙ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ስለሚወስድ፣ ይህን ልማድ ከየትኛውም የአመጋገብ ሥርዓት አስበልጬ አየዋለሁ።

ሰውነት ለኢንሱሊን የተሻለ እንዲታዘዝ የሚያግዘውን መድኃኒት፣ ሜትፎርሚንን፣ የጀመርሁት በ500 ሚሊግራም ነው። ሆድ ስለሚያውክ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ መጠኑም ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ በጾም ቀን የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረን ወደ ማፍጠሪያዬ አዛውረነዋል። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል በመሆኑ፣ ረጅም ጾም የምንጾም ሴቶች መጠኑን ማስመርመር የሚገባን ይመስለኛል።

በማስታወሻዬ ላይ የምመዘግበው ኪሎዬን ሳይሆን የወር አበባዬ የመጣበትን ቀን፣ የወገቤን ልክና ከምሳ በኋላ የሚጥለኝን እንቅልፍ ነው። ሚዛኑ እምብዛም ሳይነቃነቅ የወር አበባዬ ወደ ሥርዓቱ እየተመለሰ ነው።

ታናሽ እህቴም ወሯ ይዘላል፤ ቀጭን በመሆኗ ግን ማንም ምንም አላላትም። ሕመሙ በቤተሰብ ስለሚደጋገም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ አብራኝ ሄዳ ልትመረመር ተስማምተናል፤ ከማታ ጀምራ ምግብ ሳትቀምስ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።