ለሕክምናም ለንግድም ባንኮክ ለምትመጡ

ወደ ታይላንድ የሚመጣ ሀበሻ ባብዛኛው ለሽርሽር አይደለም የሚመጣው። አንዱ ለሕክምና ይመጣል። አንዱ አስታማሚ ሆኖ ይከተላል። ሌላው ፕራቱናም ገበያ ልብስ ሊገዛ ይመጣል። ብዙዎቹ የሚገናኙት ናና ሠፈር ነው፤ እዚያ እንጀራ አለ፣ አማርኛም ይሰማል። እዚህ ስኖር ከብዙዎቹ ጋር ሆስፒታል አብሬ ተቀምጫለሁ፣ ገበያም አብሬ ዞሬያለሁ። የአገሩን ወግ ስለማያውቅ ብቻ ከሆቴል መውጣት የሚፈራ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። ታዮችን ለመልመድ ሀበሻ ከብዙ እንግዳ የተሻለ ዕድል አለው። አብዛኛውን ነገር እናታችን ቤት ተምረን ነው የመጣነው። ልናስተካክል የሚገባን ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድምፃችን ነው።

አጠራሩን ብቻ እዩት። ታይ ሰውን የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የቤተሰብ ስም እዚህ አገር የገባው በፈረንጆች 1913፣ ንጉሥ ቫጂራቩድ በሕግ ሲደነግጉ ነው። ዛሬም ቢሆን ከወረቀት ብዙም አይወጣም። ሐኪምም ይሁን የባንክ ሠራተኛ «ኩን» ይባልና የራሱ ስም ይከተላል፤ እኛ አቶ እገሌ፣ ወይዘሮ እገሊት እንደምንለው። የማያውቁትን ሰው ደግሞ በዝምድና ነው የሚጠሩት። ከእናንተ ከፍ የሚል ወንድም ሆነ ሴት «ፒ» ነው። ታናሽ «ኖንግ» ይባላል። ሸምገል ያለው የታክሲ ሹፌር «ሉንግ»፣ አጎት ነው። መንገድ ዳር ምግብ የምትሸጠው እናት «ፓ»፣ አክስት ናት። ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ እያለ ላደገ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል? ስለዚህ ገና በተዋወቃችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዕድሜያችሁን ቢጠይቋችሁ አትከፉ። ማን ማንን እንደሚያከብር ለማወቅ ነው።

አካላችንም ቢሆን ብዙውን ያውቀዋል። እዚህም እንደ እኛ ለታላቅ ዕቃ ሲሰጥ በቀኝ እጅ ነው፣ ግራው የቀኙን ክንድ ደገፍ አድርጎ። በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ሲታለፍ ጎንበስ ይባላል። ሰው ሲጠራ መዳፍ ወደ ታች ነው፤ በጣት መጥራት ነውር ነው። አንዲት ከጎንደር የመጡ እናት ለነርሷ ወረቀት ሲሰጡ ክንዳቸውን ደገፍ አድርገው ነበር። ነርሷ ወዲያው ሁለት እጇን ገጥማ እጅ ነሳቻቸው። ማንም ያስተማራቸው አልነበረም።

ያ ሁለት እጅ ገጥሞ ጎንበስ የማለት ሰላምታ «ዋይ» ይባላል። ታናሽ ይጀምራል፣ ታላቅ ይመልሳል። ወንድ «ሳዋዲ ክራፕ»፣ ሴት «ሳዋዲ ካ» ትላለች። ለሕፃን ወይም ለአስተናጋጅ ፈገግ ብሎ ራስን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደሚለየን ነገር ልምጣ። እኛ ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ትከሻ ለትከሻ እንጋጫለን። ታዮች ብዙም አይነካኩም። በተለይ ራስ የተከበረ ነው። የሰው ሕፃን ደስ ሲለን ራሱን መዳበስ ይቀናናል፤ እዚህ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። እግር ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ያለ አካል ነው። የጫማችሁን ሶል ወደ ሰው ማዞር፣ በእግር ዕቃ መግፋት፣ ወንበር ላይ እግር መስቀል ክፉኛ ያሳዝናቸዋል። ቤተ መቅደስ ውስጥ እግር ወደ ቡድሃ ምስል አይዘረጋም፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ደፍ አይረገጥም፣ ይሻገሩታል። ጫማ ቤት መግቢያ ላይ ይወልቃል፤ አንዳንድ ሱቅና ክሊኒክም እንዲሁ ነው። በር ላይ የተደረደረ ጫማ ካያችሁ ሳትጠይቁ አውልቁ።

ለእህቶቼ አንድ ነገር። መነኩሴ ሴት አይነካም፣ ከሴትም እጅ በቀጥታ አይቀበልም። ባቡርም ሆነ ጀልባ ላይ አጠገቡ አትቀመጡ። የምትሰጡት ነገር ካለ በሚያነጥፈው ጨርቅ ላይ አኑሩለት። ይህ ንቀት አይደለም፤ ቃል ኪዳኑ ነው።

ስለ ንጉሡ ቤተሰብ ደግሞ ምንም አትናገሩ፣ በፌስቡክም አትጻፉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ለአንድ ጥፋት ብቻ ከ3 እስከ 15 ዓመት እስር ያስቀጣል፤ የውጭ ዜጋም አይምርም። ሕጉን ትታችሁ ፍቅሩን ብቻ ብታዩት እንኳ በቂ ነው። ንጉሥ ፑሚፖን 70 ዓመት ነግሠው በፈረንጆች 2016 ሲያርፉ አገሩ ጥቁር ለብሶ ነበር። የነገሥታቱ ምስል በገንዘብ ላይ አለ፤ ብር ሲወድቅባችሁ በእግር ረግጣችሁ አታቁሙ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መናፈሻና የባቡር ጣቢያ ውስጥ ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል። ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። እናንተም ቁሙ።

ድምፅ ያልኩት ነገር ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ ወገኖቼ የሚጎዱት በዚህ ነው። እኛ ስንወድም ስንናደድም እንጮኻለን። ሁለት ሀበሾች ሒሳብ ልክፈል ሲባባሉ አይታችኋል። «እኔ ልሙት!»፣ «ወይ ፍንክች!»፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል። እዚህ አስተናጋጇ ደንግጣ ጥግ ትይዛለች፣ የተጣሉ መስሏት። ያ እንኳ ቀላል ነው። ከባዱ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ነው። አንድ አስታማሚ ወንድሙ ታሞበት እንቅልፍ አጥቷል። ቀጠሮው ዘግይቷል። ጠረጴዛ መትቶ ጮኸ። ሠራተኛዋ ፈገግ አለች። እሱ «ትስቅብኛለች!» ብሎ ይባስ ጮኸ። እሷ ግን እየሳቀች አልነበረም። ታይ ሲጨንቀው፣ ሲያፍር፣ ይቅርታ ሲጠይቅም ፈገግ ይላል። ሰው ፊት መቆጣት ለእነሱ ትልቅ ውርደት ነው፤ የሚዋረደው ደግሞ የተቆጣው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳያችሁ ባይቆምም፣ ልባቸው ይዘጋል። ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ «ፒ፣ እርዳታሽን እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ግን ሥራቸውን አቁመው ሲሯሯጡለት በዓይኔ አይቻለሁ። አስታማሚ ሆኖ የሚመጣ ሰው ከሻንጣው በፊት ይህን ቢይዝ እወዳለሁ።

ይሉኝታቸውም ከእኛ ይብሳል። «አይሆንም» ብሎ ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ታይ ጥቂት ነው። «እሺ» ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ ነገሩ ግን አይሆንም። ስለዚህ «ይቻላል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «መቼ ይደርሳል?»፣ «የትኛው ይሻላል?» ብትሉ ትክክለኛው መልስ ይወጣል። ገበያም ላይ እንዲሁ ነው። መከራከር ይቻላል፣ በሳቅ ከሆነ። ሦስትና ከዚያ በላይ ስትገዙ ዋጋው ራሱ ይወርዳል። በጠራችሁት ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ጥሎ መሄድ ግን ያስቀይማል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ልቅሷቸው ነው። የሥራ ባልደረባዬ አባት ሞቶ ማታ ማታ ወደ ቤተ መቅደሱ ሄድን። ጥቁር ለብሰናል። አስከሬኑ በአበባ ተከቧል፣ ፎቶው ፊት ለፊት ቆሟል። አራት መነኮሳት ተቀምጠው ያዜማሉ። በመሃል ምግብና ውኃ ይታደላል፣ ሰው ያወራል፣ አንዳንዱም ይስቃል። ሙሾ የለም፣ ደረት የሚመታ የለም። ይህ ለብዙ ምሽት ይቀጥላል። መጨረሻ ቀን ሬሳው ሲቃጠል እያንዳንዱ ሰው ከሰንደል እንጨት የተሠራ ትንሽ አበባ ያስቀምጣል። ሁሉም ስሙን የጻፈበት ነጭ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ አስገብቶ ለቤተሰቡ ይሰጣል። እድር የሚሉት ነገር ባይኖራቸውም፣ ወንበር የሚደረድሩትን፣ ሳህን የሚያጥቡትን ጎረቤቶች ሳይ እድራችንን ነው ያየሁት። ባልደረባዬ እንግዳ ሁሉ ሲሸኝ ፈገግ እያለ ነበር። ዓይኑ ግን አብጦ ነበር። ልቅሶ የለም ያለ ሰው ያንን ዓይን አላየም። ከተጠራችሁ ሂዱ። ለሠርግ ባትሄዱ እንኳ ለልቅሶ ሂዱ።

የሰዓት ነገር ደግሞ ደስ ይላል። ፈረንጅ ከምሽቱ 7 የሚለውን ታይ በንግግር 1 ይለዋል፣ 8ን 2 ይለዋል፣ እስከ 11 ድረስ እንዲሁ። ልክ የእኛው ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ስለሚለያይ ቀጠሮ በጽሑፍ ያዙ። ዓመቱም ከፈረንጅ በ543 ይቀድማል፤ 2026 በእነሱ 2569 ነው። ደረሰኝ ላይ ስታዩት አትደንግጡ።

ጾመኛ ለሆናችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ለእኛ ዓይን 17 የሚመስል ምልክት ያለበት ምግብ ቤት ፈልጉ። «ጄ» ይባላል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። በጥቅምት ወር አካባቢ ዘጠኝ ቀን የሚጾሙበት በዓል አለ፣ ያኔ በተለይ ያዋራት በሚባለው የቻይናዎች ሠፈር ከዳር እስከ ዳር ይህ ባንዲራ ነው። በሌላው ጊዜም ከተማው ውስጥ አይጠፋም። ለሙስሊም ወገኖቼ ናና ራሱ ይበቃል፣ የዓረብ ምግብ ቤቱ ብዙ ነው። ጄ ያልሆነ ቤት ገብታችሁ «አትክልት ብቻ» ብትሉ ግን የዓሣ መረቅ ይገባበታል፣ እነሱ እንደ ጨው ነው የሚያዩት። ስለዚህ ስታዙ «ኪን ጄ»፣ ጄ ነው የምበላው በሉ፣ ጨምራችሁም «ማይ ሳይ ናም ፕላ»፣ የዓሣ መረቅ አይግባበት በሉ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሻጯንም «ፓ» ብላችሁ።