ሸክላን በደሴ ክረምት ማድረቅ

የሰው ራስ ቅርጽ በሸክላ ስሠራ ጭቃው አያስቸግርም። ደርቆ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ውሃ ጠጥቶ ያድራል። በአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ የተወቀጠ ገል አገባበታለሁ። ገል አንዴ የተቃጠለ ስለሆነ አይኮማተርም፣ ለእርጥበቱም መውጫ ይሰጣል። ከዚያ ማሸት ነው። ፊት አቀራረጹን ከእኔ አትጠብቁ።

እኔን ያቃጠለኝ ማድረቁ ነው።

በሥልጠና የተሰጠን ወረቀት «አንድ ሳምንት ይድረቅ» ይላል። ጻፊው ሐምሌ ላይ ደሴን አላያትም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲሰነብት የጭቃው ላይ ይነጣል እንጂ ሆዱ እርጥብ ነው። ያዘዘኝ ቢሮ ደግሞ በየቀኑ «ደረሰ?» ይላል። ላዩን አምኜ እሳት ላይ ጣድኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ፈነዳ። ስብርባሪውን ስለካው ውፍረቱ አራት ጣት! አለመቦርቦሬ የራሴ ስንፍና ነው። «አየር ገብቶበት ነው» የሚሏችሁን አትስሙ፤ የሚያፈነዳው መውጫ ያጣ እንፋሎት ነው። ውሃ ደግሞ በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

አሁን ጭቃው እንደ ሳሙና ሲጠና አናቱን በቀጭን ሽቦ ቆርጬ አነሳና ውስጡን በማንኪያ እቦረቡራለሁ፤ ግድግዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የደገፍኩበትን እንጨትና ሽቦ አወጣለሁ፤ ጭቃው ሲኮማተር እነሱ አይኮማተሩምና ይሰነጥቁታል። ሁለቱን ጠርዝ በሹካ ጭሬ፣ በቀጭን ጭቃ አጣብቄ እከድነዋለሁ። ከሥር ቀዳዳ የግድ ነው። ጆሮና አፍንጫ ቀድመው እንዳይደርቁ ፌስታል አለብሳለሁ።

መድረቁን በቀን አትቁጠሩ፤ መዝኑት። ሦስት ቀን በተከታታይ ኪሎው ካልቀነሰ ደርቋል። ጉንጫችሁ ላይ ስታስጠጉት ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው። በክረምት ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ። የቸኮለ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ያድርቀው፤ እዚያ ይሞቃል። ግን እንደ ሳሙና እያለ ውሰዱት። ደርቆ ያልተቃጠለ ሸክላ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አይችልም።

እሳቱ መጀመሪያ ነበልባል የሌለው ፍም ይሁን፤ ዙሪያውን፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቢያንስ አራት ሰዓት። ኩበቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሲያበቃ አመዱን ለማየት አትቸኩሉ፤ 573 ዲግሪ አካባቢ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን መጠኑን ድንገት ይለውጣል፣ ንፋስ ካገኘው ይሰነጠቃል። እስከ ነገ ተውት።

የፈነዳው ራስ ገና ጥሬ ስለነበር ውሃ ውስጥ ነክሬ መልሼ ጭቃ አደረግኩት። ቢሮው ግን ቀብዱን አስመልሷል።