ቀይዋን መብራት ያስነቀልኩት እኔው ነኝ

የፒክአፔ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ቀይ የዘይት መብራት ነበረች። ጊቤን ተሻግሬ ወደ ሰኮሩ የሚወስደውን ዳገት ወጥቼ፣ ሞተሩ እንደጋለ ቆም ስል ብልጭ ትላለች። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ትጠፋለች። ጅማ ስደርስ መኪናዋን አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ኮፋኖውን እንኳ አልከፈተም። «ሴንሰር ነው የተበላሸው፣ አትጨነቅ» አለኝና ዳሽቦርዱን ፈቶ አምፖሏን ነቀላት። 200 ብር ሰጠሁት። ማኪያቶም ጋበዝኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ማኪያቶው ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በ2015 ያገለገለች ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ገዛሁ። 2.5 ናፍጣ፣ ቱርቦ ያላት፣ ኮመን ሬይል፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የምትረጭ። ስሟን አልጽፍም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የፋብሪካው አይደለም። ሰቃ ጨቆርሳ አካባቢ ትንሽ የቡና ማሳ አለችን፣ ለእሷ ነው። ደላላው «በሊትር 14 ትሄዳለች» ብሎ ማለልኝ። ደላላ ሲምል አትስሙ። ሊብሬ፣ ስም ማዞር፣ ኢንሹራንስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የቦሎ መርማሪው መብራትና ፍሬን አይቶ በአምስት ደቂቃ አሳለፋት። ያኔ ቀልጣፋ ሰው ብዬ አመስግኜዋለሁ።

ሰው ሁሉ «የድሮውን ሃይሉክስ፣ ፋይቭ ኤሉን ግዛ» ብሎኝ ነበር። ሞተሩ 3.0 ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ ብዙ ነገር ይችላል። እኔ ግን ቆጣቢ ፈለግኩ። በሐምሌ 2014 የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ቅናሹ ለሕዝብ ማመላለሻ ነበር። እንደኔ ላለው ባለ ፒክአፕ ያ ቅናሽ አልደረሰውም።

በመጀመሪያው ዓመት ደስተኛ ነበርኩ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 32 ሊትር ይበቃኝ ነበር። በሊትር 11 መሆኑ ነው። በክረምት፣ ስምንት ኩንታል ጀንፈል ጭኜ ጭቃ ላይ ስገባ ወደ 7 ትወርዳለች። እሱ ያለ ነው።

በ2016 ክረምት 32ቱ ሊትር 44 ሆነ። አስፋልት ላይ፣ ባዶዋን።

መጀመሪያ ማደያውን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ፣ ሰልፍ ሲያስመርረኝ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን የጀሪካን ናፍጣ። ፊልትሮ ቀየርኩ። ጎማ አስነፋሁ። ፖርቶ መጋላውን አወረድኩ። ምንም የለም። ከዚያ የእህቴን ልጅ ጠረጠርኩ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳት እሱ ነበር። አንድ እሁድ እናቱ ቡና እያፈላች፣ እዚያው ረከቦቱ ፊት፣ «ናፍጣዬን እየቀዳህ ትሸጣለህ» አልኩት። ልጁ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ዳገት ላይ አትጎትትም። ድምጿንም ስማው» አለኝ። እሱ ስለ ሞተር ይነግረኛል፣ እኔ ስለ ጀሪካን እጮሃለሁ። እህቴ ሁለተኛውን ሲኒ ሳትቀዳልኝ ተነሳች።

ማስረጃው ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከግንቦት 2015 ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ነው የምንከፍለው። የእያንዳንዱ ክፍያ መልእክት ስልኬ ላይ አለ። ብሩን ለሊትሩ ዋጋ ማካፈል ብቻ ነበር። ዘግይቼ ሳሰላው እኔ ራሴ የነዳሁባቸው ጉዞዎችም 44 ሊትር ናቸው። ሌባው እኔ ካልሆንኩ ልጁም አልነበረም።

አምፖሏ ከተነቀለች ሁለት ወር ሳይሞላ አጋሮ መንገድ ላይ ሞተሩ ቀቀቀ ማለት ጀመረ። አጠፋኋትና አስጎትቼ አጋሮ ገባሁ። እዚያ ያገኘሁት መካኒክ ወጣት ነው፣ ብዙም አያወራም። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ አወረደ። የዘይቱን ወንፊት አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ወንፊት አይመስልም። ጀበና ሥር የቀረ አተላ ደርቆ የተጋገረበት ይመስላል። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ እንደ ከሰል ተፈረፈረ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ነው ጀበና?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨው ኢንጀክተር ሥሩ ላይ የመዳብ ዋሸር አለው። ዋሸሩ ሲያረጅ የሲሊንደሩ ትኩስ ጋዝ ሾልኮ ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ኃይሏ ይቀንሳል፣ እግር ይበልጥ ይረግጣል፣ ናፍጣው ያልቃል። ዘይቱ ደግሞ ይከስላል፤ ጥቀርሻው ወደ ታች ወርዶ ወንፊቱን ይደፍናል። ፓምፑ የሚስበው ዘይት ያጥረዋል። መብራቷ ስትለምነኝ የነበረው ይሄንን ነው።

ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ተሞረደ፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና ተቀየረ፤ ቱርቦው ተለወጠ። የዚያ ዓመት የቡና ገንዘብ እዚያው አለቀ። ዋሸሮቹ አራት ናቸው፤ አራቱም አንድ መዳፍ አይሞሉም።

እንዲህ ዓይነት ሞተር የምትገዙ ከሆነ፣ ወንበር ልብስ ከማልበሳችሁ በፊት ዋሸሮቹን ቀይሩ፣ ወንፊቱንም አስወርዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። መመሪያው ዘይት በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። እኔ በ5 ሺህ እቀይራለሁ፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው የሰቃን ጭቃ አያውቀውም። ሴንሰር ነው የሚላችሁ መካኒክ ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ግን ሴንሰሩን ፈቶ በቦታው የዘይት ግፊት መለኪያ ይሰር። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ስለ ዘይት መብራት አስተያየት መስጠት የለበትም።

ፍጆታ ስትለኩ ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ ለኩ። ቀጂው «ለሁሉም ይዳረስ» ብሎ 30 ሊትር ላይ ሲያቆምብኝ ልኬቴ ይበላሻል። እጨቃጨቃለሁ፣ እሸነፋለሁ፣ ሰልፉን ደግሜ እይዛለሁ።

ከጥገናው በኋላ አዲስ አበባ በ33 ሊትር ገብቻለሁ። አሁንም ከፋይቭ ኤሉ እሷን እመርጣለሁ፤ ይህን ስል ሰፈር ውስጥ የሚስቁብኝ አሉ።

የእህቴ ልጅ አሁን በሰው አይሱዙ በደሌ ይመላለሳል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ «ችግር የለም» ብሎኛል። ቁልፉን ልመልስልህ ስለው ግን ወሬ ይቀይራል። ስደውልለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መኪናዋ ነው።